ሥዕሉ ያምራል፤ ፓምፑንስ ያስፈታል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ሜካኒካል ምህንድስና እየጨረስኩ ነው። ሥዕል እችላለሁ፤ የማሽን መመሪያና የሥልጠና ጽሑፍ በሥዕል የማዘጋጀት ሥራ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ያሉኝን 20 ሥዕሎች ሰብስቤ ብልክ ያስቀጥረኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ 20ው ይቅርና 3 ላኪ። ቀጣሪው ማየት የሚፈልገው የእጅሽን ውበት ሳይሆን፣ መፍቻ ይዞ የቆመ ሰው ሥዕልሽን ዓይቶ ቀጣዩን ብሎን ይፈታ እንደሆነ ነው።

ለአንዱ ናሙና በየገጠሩ የሚታወቀውን የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ውሰጂ። ፒስተኑና የታችኛው ቫልቭ ዋናው ቧንቧ ሳይነቀል በውስጡ ተስበው ስለሚወጡ፣ ደረጃዎቹ ጥቂት ናቸው። ከዚያም ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ ምረጪ፤ ለምሳሌ የፒስተኑን ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያውን) መቀየር። በአንድ ሥዕል አንድ ድርጊት ይበቃል። መፍታቱንና መግጠሙን አንድ ላይ ከሳልሽ ቀስቶቹ ይጋጫሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም አይታወቅም።

መነሻው የስልክ ፎቶ ይሁን። ተጠግተሽ ካነሳሽ ቅርቡ ክፍል ያብጣል፣ ስለዚህ 2 ወይም 3 ሜትር ርቀሽ በዙም አንሺ። በኢንክስኬፕ (ነፃ የሥዕል ሶፍትዌር ነው) ፎቶውን ታችኛው ሌየር (ንጣፍ) ላይ ቆልፊው፣ በላዩ መስመሩን ተከትለሽ ሳይና ፎቶውን አጥፊ። የውጭው መስመር 0.5 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ 0.25 ይሁን። የእንቅስቃሴ ቀስት ወፍራም፣ ከቁጥር ወደ ክፍሉ የሚሄደው መስመር ግን ቀጭንና የቀስት ጫፍ የሌለው ይሁን፤ ሁለቱ ከተመሳሰሉ ሰው ቁጥሩን «ወዲህ ግፋ» ብሎ ያነበዋል። ፎቶን ራሱን የምትጠቀሚው ያለቀ ጎሚኒ ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ መበላቱን መስመር አያሳይም።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ በመላእክት ፊት ተሞልቶ ያምራል። የመመሪያ ሥዕል ግን ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ጥላውን፣ ሣሩን፣ የጀርባውን ግድግዳ ተዪው።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው መጠን ላይ ነው። በኤ3 የተሳለ ሥዕል በኤ5 መጽሔት ሲታተም በግማሽ ያንሳል፦ 0.25 የነበረው መስመር 0.125 ይሆንና ፎቶ ኮፒ ላይ ይጠፋል፣ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው ፊደል 1.5 ይሆንና አይነበብም። ስለዚህ ከመጀመሪያው በሚታተምበት ልክ ሳይ። ከዚያ ማራኪ ሰፈር ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ሂጂና የቅጂውን ቅጂ አስወጪ፤ መመሪያው ባለሙያው እጅ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ነው። «ቀዩን ቫልቭ ዝጋ» የሚል ጽሑፍ እዚያ ትርጉም ያጣል፤ በቀለም ፋንታ ቁጥር ስጪ። ፋይሉንም በፒዲኤፍ ላኪ፤ ያለዚያ ፎንትሽ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የአማርኛው ጽሑፍ ሳጥን በሳጥን ሊሆን ይችላል።

ፓምፑን ፈትቶ ለማያውቅ ሰው ሥዕሉን ስጪና ዝም በይ። ለማስረዳት አፍሽን የከፈትሽበት ቦታ ሥዕሉ የጎደለበት ነው። ከ3 እስከ 5 ሰው ይበቃል። እጁ የቆመበትን ደረጃ መዝግበሽ አርሚ።

ማስታወቂያ ላይ «ቴክኒካል ኢሉስትሬተር» የሚል መደብ ብቻ አትጠብቂ። የሥልጠና ማቴሪያል ዝግጅት፣ ዶክመንቴሽን፣ ኮሙኒኬሽን በሚሉትም ሥር ፈልጊ፤ የውሃና የጤና ፕሮጀክቶችን በተለይ ተከታተይ። ስታመለክቺ ሰውን ያደናገረውን የመጀመሪያ ንድፍሽን አትጣይው፤ ከታረመው ጎን አድርገሽ፣ ምን እንደቀየርሽና ለምን እንደሆነ በ2 መስመር ጻፊበት።