መልቀቂያ ለመጻፍ አትቸኩሉ

ልጆቼ፣ ጡረታ እስክወጣ በሰው ኃይል አስተዳደር ስለሠራሁ በክፉ ጊዜ ሰው ከሥራው እንዴት እንደሚወጣ አውቃለሁ። እናንተ የምትፈሩት የስንብት ደብዳቤውን ነው። እኔ የምፈራላችሁ ደግሞ በገዛ እጃችሁ የምትጽፉትን መልቀቂያ ነው።

ሐዋሳን አስታውሱ። ኅዳር 2014 የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች እዚያ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ አገደች። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ቀድመው የሚሄዱት ኮንትራታቸው የማይታደስላቸውና የ60 የሥራ ቀን ሙከራቸውን ያልጨረሱት ናቸው፤ ለእነሱ ሕጉም ብዙ አይደርስላቸውም። ቋሚ ሠራተኛዋን ግን አለቃዋ ቢሮ ጠርቶ፣ «ከምትቀነሺ በራስሽ ብትለቂ ይሻልሻል፤ የሥራ ልምድሽንም አሳምረን እንጽፍልሻለን» ይላታል።

አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ ሦስት ዓመት ልብስ ስትሰፋ የቆየች፣ እንዲህ ተብላ የፈረመችውን ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። አብረን አሰላነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅነሳ ብትሰናበት ኖሮ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሩት ሁለት ዓመታት የ10፣ 10 ቀን፣ ስለ ቅነሳው ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፣ በድምሩ የ110 ቀን ይገባት ነበር። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም አለ። በፈቃዷ ስትለቅ ግን አምስት ዓመት ስላልሞላት ከዚህ ክፍያ ምንም የለም። የሥራ ልምዱ እንደሆነ አሠሪው በሕግ የሚገደድበት ነው እንጂ ውለታ አይደለም!

ኑሮው ከደመወዙ ሲቀድም ትቶ የሚወጣም አለ፤ አልፈርድበትም። ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ግን ትንሽ ቆም ይበል። ከደሞዙ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ሲገባለት ቆይቷል፤ 10 ዓመት ካልሞላው በእርጅናው ወርሃዊ አበል ቀርቶ አንዴ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ነው የሚያገኘው። ጡረታ በሚቆረጥበት ሌላ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ አገልግሎቱ ይቀጥልለታል።

ቅነሳ ከመጣም ችሎታና ምርታማነታቸው እኩል ከሆኑት መካከል ቀድሞ የሚነካው አገልግሎቱ አጭር የሆነው ነው። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤያችሁን ኮፒ ቤት አስቀምጡ። እዚያ ላይ ያለው ቀንና ፋይላችሁ ውስጥ ያለው ካልተስማሙ አሁኑኑ አስተካክሉት፤ ቅነሳ ከተወራ በኋላ ፋይል የሚያስተካክልላችሁ ሰው አታገኙም።