ሥራ የሌለው ማዕረግ፦ በስካውት ቡድን ውስጥ ለልጆች ስለሚሰጥ ኃላፊነት

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ የስካውት ቡድን በበጎ ፈቃድ እመራለሁ። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆነ 28 ወንዶችና ሴቶች ልጆች አሉን፤ ፓትሮል በሚባሉ አራት ትንንሽ ቡድኖችም ተከፍለዋል። በመስከረም ወር ሁሉም ልጆች በተሰበሰቡበት እጅ በማውጣት የፓትሮል መሪዎችን መርጠን ነበር። ተመራጮቹ ግን ሰልፍ ከማስያዝና የረባሽ ስም ጽፈው ከማምጣት በቀር የሚሠሩት ነገር የለም። ዕቅድ የማወጣው፣ ዕቃ ቆጥሬ የምረከበው፣ ለወላጆች የምደውለው እኔው ነኝ። አንዳንድ ወላጆችም «የእኔ ልጅ ለምን አልተመረጠም?» እያሉ ይወቅሱኛል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ማዕረግ ብሰጥ ይሻል ይሆን? ወይስ ምርጫውን ትቼ ራሴ ልሹም?

መልስ፦ ልጆቹ የረባሽ ስም መያዛቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያዩት መሪነት ይኸው ነው። መምህሩ ከክፍል ሲወጣ አለቃው ጠመኔ አንሥቶ በሰሌዳው ላይ ስም ይደረድራል፤ መምህሩ ሲመለስ ስሙ የተጻፈው ልጅ ይቀጣል፤ የአለቃውም ሥራ በዚያው ያበቃል። እርስዎ የሾሟቸው ልጆችም ሌላ ሥራ ስላልተሰጣቸው የሚያውቁትን ሠሩ። በእኔ እምነት «ማን ይመረጥ?» ከማለትዎ በፊት «የተመረጠው ልጅ በሚመጣው ቅዳሜ ምን ይወስናል?» ብለው ራስዎን ቢጠይቁ የችግሩን ሥር ያገኙታል።

ፓትሮል ከመነሻው የተፈጠረው ልጆች በልጅ እንዲመሩ ነው። የስካውት መሥራች ባደን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን የሙከራ ካምፕ ሲያካሂድ ሃያ ያህል ልጆችን በተኩላ፣ በኮርማና በመሳሰሉት የእንስሳት ስሞች በተጠሩ አራት ፓትሮሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ፓትሮል ከልጆቹ መካከል አንድ መሪ ሰጠ፤ የፓትሮሉንም ጠባይና ሥራ በዚያ ልጅ ኃላፊነት ሥር አደረገ። እስከ ዛሬም የተለመደው የፓትሮል መጠን ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ስማቸውን፣ ጠባያቸውን፣ የሚፈሩትንና የሚወዱትን ጠንቅቆ ሊያውቃቸው የሚችለው ይህንኑ ያህል ሰው ነው። የእርስዎ አከፋፈል ትክክል ነው፤ አይንኩት።

መቀየር ያለበት የእርስዎ አነጋገር ነው። ከእንግዲህ መመሪያ የሚሰጡት ለ28 ልጆች ሳይሆን ለአራቱ የፓትሮል መሪዎች ይሁን፤ እነርሱም ለፓትሮላቸው ያድርሱ። ለዚህም በየሳምንቱ ከመደበኛው ስብሰባ በፊት ግማሽ ሰዓት የሚቀመጥ የመሪዎች ጉባኤ ያስፈልጋል። ከትልልቆቹ ልጆች አንዱን ወይም አንዷን የቡድኑ ዋና መሪ አድርገው ጉባኤውን እንዲመራ ይተዉለት፤ እርስዎ ጥግ ይዘው ይቀመጡ፣ የሚናገሩትም በመጨረሻ ይሁን። ትልቅ ሰው አስቀድሞ ከተናገረ ጨዋ ልጆች ሁሉ «እሺ» ብለው ይነሣሉ፤ ጉባኤውም ያን ጊዜውኑ ይሞታል።

ጉባኤው የሚወስነው ነገር እውነተኛ መሆን አለበት። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚደረግ የእግር ጉዞ ታስቧል እንበል። ስንት ሰዓት እንነሣ፣ ውኃ ማን ይያዝ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚያወጣው አቀበት ትንንሾቹ ቢደክሙ ከኋላ ማን ይቅር የሚሉትን ጥያቄዎች ልጆቹ ይፍቷቸው። የምግቡ ጉዳይ ብቻውን የአንድ ጉባኤ ሥራ ነው። በአንድ ፓትሮል ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆች አሉ፤ የአንዱን እርድ ሌላው አይበላም፤ ዕለቱ በዐቢይ ጾም ውስጥ ሊውል ይችላል፤ ረመዳን ከሆነ ደግሞ ውኃ ሳይጠጡ አቀበት መውጣት ስለሚከብድ ቀኑን ራሱን ማዛወር ሊያስፈልግ ይችላል። እርስዎ «ምሳው ሽሮ ይሁን» ብለው በአንድ ደቂቃ ሊጨርሱት እንደሚችሉ አውቃለሁ። የፓትሮሉ መሪ ግን ለሰባት ሰው ምሳ ሲያስብ የእያንዳንዱን ጓደኛውን ቤትና እምነት፣ የማይስማማውንም ምግብ ሳይቀር ለማወቅ ይገደዳል፤ መሪነትን የሚማረውም በዚህ መንገድ ነው። ሽሮው ቢቀጥን ወይም ጨው ቢበዛበት ፓትሮሉ ያበሰለውን ይብላ፤ እርስዎ ማማሰያውን አይቀበሉ። ይህን መታገሥ ለብዙ የቡድን መሪዎች ከአቀበቱ ይልቅ ይከብዳቸዋል።

ለሁሉም ልጅ ማዕረግ መስጠትን አልደግፍም። ሥራ የሌለው ማዕረግ አሁን የሚያማርሩበትን ችግር በ28 ያባዛዋል። በአንድ ፓትሮል ውስጥ መሪ፣ ምክትል፣ ጸሐፊና ንብረት ያዥ ይበቃሉ፤ ምክትሉን መሪው ራሱ ቢመርጥ ይሻላል፣ አብሮት የሚሠራው እሱ ነውና። ንብረት ያዡ ሥራውን ከሰፈር ዕድር ሊማር ይችላል፦ ድንኳንና ሰሃን ሲወጣም ሲመለስም ተቆጥሮና ተፈርሞ ነው፤ የጎደለው ተመዝግቦ፣ የተቀደደው ተሰፍቶ ለሚቀጥለው ጊዜ ይዘጋጃል። ጸሐፊው የጉባኤውን ውሳኔ ለፓትሮሉ ይመዘግባል፤ የቀሩትንም ልጆች ይከታተላል። በመሐል ከተማው መልሶ ግንባታ ቤተሰቦቻቸው ወደ ከተማው ዳር የተዛወሩባቸው ልጆች በርካታ ስለሆኑ፣ ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ የቀረ ልጅ የታክሲ ሂሳብ አጥቶ ይሁን ታሞ ወይስ ተቀይሞ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው ፓትሮሉ ነው፤ እርስዎም ከጸሐፊው ይስሙት። ያኔ መፍትሔውን አብሮ መፈለግ ይቻላል።

ምርጫውን አይተዉት፤ አካሄዱን ግን ይቀይሩ። ሁሉም ልጆች እጅ እያወጡ የሚመርጡት መሪ ብዙውን ጊዜ ቁመቱ የረዘመ ወይም ቀልድ የሚያውቅ ልጅ ነው። እያንዳንዱ ፓትሮል የራሱን መሪ ለብቻው፣ በወረቀት ይምረጥ። እርስዎ አስቀድመው መስፈርቱን ያሳውቁ፤ ለምሳሌ 13 ዓመት የሞላው፣ የስካውት ቃል ኪዳኑን የገባና አዘውትሮ የሚገኝ ይሁን። የሥራ ዘመኑ አንድ የትምህርት መንፈቅ ቢሆን ይበቃል፦ ከመስከረም እስከ ጥር፣ ከየካቲት እስከ ሰኔ። በሁለተኛው መንፈቅ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከዚህ ሸክም ያሳርፏቸው፤ ፈተና ይጠብቃቸዋል፣ ተተኪዎቻቸውን ማማከር ግን ይችላሉ። ወላጆችንም በመስከረም ጠርተው የመሪውን የሥራ ዝርዝር ያንብቡላቸው፤ ሥራውን በግልጽ ሲሰሙና የሥራ ዘመኑ አጭር መሆኑን ሲያውቁ ወቀሳው ይቀንሳል።

ለልጆች የማይሰጥም ሥልጣን አለ። እሳት፣ ወንዝ፣ የመኪና መንገድ፣ መድኃኒት፣ የወላጅ ፈቃድና ከወላጆች የተዋጣ ገንዘብ የትልልቅ ሰዎች ኃላፊነት ነው፤ በየትኛውም ጉዞ ቢያንስ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ፣ አንድ ትልቅ ሰውም ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን። ቅጣትም ለፓትሮል መሪ አይሰጥም። የረባሾችን ስም ዝርዝር ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ያስቀሩት፤ ለልጆቹም ለምን እንደቀረ በግልጽ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጅ ነኝ፤ በስካውት ቡድናችን የፓትሮል መሪ ሆኜ ተመርጫለሁ። በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ ልጅ «ሴት አታዘኝም» እያለ ሌሎቹንም ያሳድምብኛል። ለቡድን መሪያችን ብናገር አሳባቂ እንዳልባል ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኞችሽ ድምፃቸውን የሰጡሽ አምነውብሽ ነው፤ አንድ ልጅ ስላኮረፈ ኃላፊነትሽ አይቀንስም። በሌሎቹ ፊት አትከራከሪው፤ ሰው በተሰበሰበበት የተሸነፈ ልጅ ብዙውን ጊዜ እልኸኛ ይሆናል። ቅዳሜ ከስብሰባው ቀደም ብለሽ ለብቻው አነጋግሪውና እሱ ከሌሎቹ የተሻለ የሚችለውን ሥራ፣ ድንኳን መትከልም ይሁን ቋጠሮ ማስተማር፣ ሙሉ በሙሉ እንዲይዘው ጠይቂው። ከሰጠሽው በኋላ ከላይ ከላይ አትቆጣጠሪው። ድስት ማጠብና ውኃ መቅዳት የመሰለውን ማንም የማይወደውን ሥራ ስታከፋፍዪ ደግሞ የመጀመሪያውን ተራ ለራስሽ ውሰጂ፤ ከዚያ በኋላ ተራ ስትሰጪ የሚከራከርሽ አይበዛም።

ይህ ሁሉ ሆኖ «ሴት» እያለ ማዋረዱን ከቀጠለ ጉዳዩ በአንቺና በእሱ መካከል የሚያልቅ አይደለም። ሁሉም የገባችሁት ቃል ኪዳን ተጥሷልና ለቡድን መሪያችሁ መንገር ግዴታሽ ነው፤ ይህን ማሳበቅ የሚልሽ ካለ አትስሚው። ያለውን ቃል፣ ቀኑንና የሰሙትን ልጆች በማስታወሻሽ ጽፈሽ ሂጂ፤ ለብቻሽ መግባት ከከበደሽም ምክትልሽን ይዘሽ ግቢ።