ቮንሞቢሉን ስትረከቢ የኋላውን ፎቶ አንሺ

እህቴ፣ ከፍራንክፈርት ቮንሞቢል (አልጋና ማዕድ ቤት ያለው መኪና) ተከራይታችሁ፣ ብስክሌት ጭናችሁ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ኮብሌንዝ ልትሄዱ እንደሆነ ጽፈሽ ምን እንጠንቀቅ ብለሻል። እኛ ባለፈው ክረምት ይህንኑ አድርገናል። የከፈልነውን እናንተ እንዳትከፍሉ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. መኪናውን ስትረከቢ የብስክሌት መጫኛውን አስዘርግተሽ ከሥሩ ፎቶ አንሺ። እኔ ፊቱን፣ ጎኑን፣ ጎማውን ሳይቀር አንስቼ ነበር። መጫኛው ግን ታጥፎ ስለነበር ከኋላው ያለውን አላየሁም። ስንመልስ ሰውየው መጫኛውን ዘረጋ፤ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰና ጥፍር የምታክል ስንጥቅ አሳየኝ። ስንጥቋ ውስጥ ቆሻሻው ጠቁሮ ደርቋል። በአንድ ሳምንት እንደዚያ አይሆንም። «ወረቀቱ ላይ የለም፤ ፈርመሃል» አለኝ። ባለቤቴ ከእኔ የተሻለ ጀርመንኛ ስላላት ልታስረዳው ስትጀምር ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ። ሰው እያናገረችው! ልጄ እጄን ይዛ «አባቢ፣ እኛ ነን የሰበርነው?» አለችኝ። ከ1,500 ዩሮ መያዣ 640ውን ቆርጠው አስቀሩት። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፤ የልጄን ጥያቄ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ወረቀቱ ላይ ሳይሰፍር እንዳትፈርሚ። ከኋላሽ ሰው ቢሰለፍም፣ ቢያጣድፉሽም ንቅንቅ አትበይ።

2. ክብደት። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከሆነ አንዱ ብቻ 25 ኪሎ ይደርሳል። መጫኛው ስንት ኪሎ እንደሚችል ጠይቁ፤ ባትሪዎቹን አውጥታችሁ ውስጥ አስቀምጡ። በተራው መንጃ ፈቃድ የምትነዱት እስከ 3.5 ቶን ነው፤ ውሃው፣ ምግቡ፣ የልጆቹ ዕቃ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል።

ኮብሌንዝ ያለው ካምፒንግ (ቮንሞቢል አቁሞ ማደሪያው) የሞዜል ወንዝ ከራይን ወንዝ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ዶይቸስ ኤክ በሚባለው በዚሁ መገናኛ ላይ የቆመው 37 ሜትር ሐውልት ከወንዙ ማዶ ይታይሻል። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ መኪናውን አቁሙትና እርሱት። ከተማው በብስክሌት ነው የሚያምረው። እ.ኤ.አ. ለ2011ዱ የአትክልት ኤግዚቢሽን የተሠራው ኬብል ካር ደግሞ ራይንን አሻግሮ ኤረንብራይትሽታይን ምሽግ ያደርሳችኋል። ልጆች ይወዱታል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በሞዜል ዳር ወደ ቪኒንገን የሚወስደው መንገድ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሜዳ ነው፤ የወይን ተክሉ ከመንደሩ በላይ ቀጥ ያለውን ገደል ይዞ ይወጣል። ትንሽ አልፋችሁ ከሄዳችሁ የአውቶባኑ (የፈጣን መንገዱ) ድልድይ 136 ሜትር ከፍታ ላይ ያልፋል። ልጄ ከሥሩ ቆማ ቀና ብላ ስታይ ሄልሜቷ ወደ ኋላ ወደቀ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ደርሶ መልሱን አንድም ጊዜ ደከመኝ ሳትል ነዳችው። ኮራሁባት።

በራይን ዳር ወደ ደቡብ ከሄዳችሁ ግን ልብ በሉ። ከኮብሌንዝ ከወጣችሁ በኋላ እስከ ማይንትስ አካባቢ ድረስ አንድም ድልድይ የለም፤ መሻገሪያው ጀልባ ብቻ ነው። ቦፓርድ ላይ ከመሻገራችሁ በፊት የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ።

የርክክብ ወረቀታችንን ፎቶ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። መጫኛው የሚጻፍበትን ቦታ በቀይ አክብቤበታለሁ።