ሞተሩ ከ4500 ዙር በላይ ለምን ይቆራረጣል?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራ ኤምጂቢ ስፖርት መኪና አለኝ። በከተማ ውስጥ አያስቸግረኝም። አውራ ጎዳና ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስረግጠው ግን፣ ዙሩ 4500 ገደማ ሲደርስ ሞተሩ ድንገት ይቆራረጣል፤ እግሬን ሳነሣ ወዲያው ይስተካከላል። በአንድ ጋራዥ ሁለቱ ካርቡሬተሮች ታጥበው፣ ካንዴላዎቹም ተቀይረው ለውጥ አላገኘሁም። ካርቡሬተሮቹን በአዲስ ልቀይር? (አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። የጻፉልን ምልክት ከቤንዚን ይልቅ ወደ እሳቱ፣ ማለትም ቤንዚኑን ወደሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ያመለክታል። የቤንዚን እጥረት ሲሆን፣ መኪናው ለጥቂት ሰከንዶች በሙሉ ኃይል ከሄደ በኋላ ጉልበቱ እየከዳ ይመጣል፤ የእርስዎ ግን ቁልፉን አጥፍቶ የሚያበራ ሰው ያለ ይመስል በአንድ ጊዜ ጠፍቶ በአንድ ጊዜ ይመለሳል።

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 4500 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 150 ጊዜ እሳት ይፈልጋል። በመኪናዎ ዲስትሪቢውተር (እሳቱን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ ፑንቲናው፣ ማለትም ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ፣ ከየ90 ዲግሪው ተዘግቶ የሚቆየው 60 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቦቢናው (ለእሳቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ጥቅል) ለመሙላት የሚያገኘው ጊዜ 4.4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በ900 ዙር ግን አምስት እጥፍ ጊዜ አለው፤ የደከመ ቦቢና ወይም ከልክ በላይ የተከፈተ ፑንቲና በከተማ ውስጥ ሳይታወቅ የሚከርመው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ አብሮዎት የሚቀመጥ ሰው ሞተሩ ሲቆራረጥ የዙር ቆጣሪውን መርፌ ይመልከት። በእርስዎ ሞዴል ወደ ቦቢናው የሚሄደው ኤሌክትሪክ በቆጣሪው በኩል ስለሚያልፍ፣ መርፌው ከዘለለ ወይም ከወደቀ ችግሩ ከቁልፉ እስከ ፑንቲናው ባለው መስመር ላይ ነው። በዚያ መስመር ላይ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያሉትን ሁለት አጫጭር ሽቦዎች፣ የፑንቲናውንና የማሳውን (ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን)፣ ነው፤ የእሳቱን ጊዜ የሚለውጠው የቫኩም ማስተካከያ ፑንቲናው የተቀመጠበትን ሳህን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ስለሚተጣጠፉ፣ ከውጭ ጤነኛ መስለው ከውስጥ ተበጥሰው ሊገኙ ይችላሉ። የፑንቲናው ስፕሪንግ ከደከመም በከፍተኛ ዙር ፑንቲናው ይነጥራል፤ ይህ ሲሆን ሞተሩ ማርሽ ሳይገባም በዚያው ዙር ይቆራረጣል።

መርፌው ካልተናወጠና መቆራረጡ ነዳጁ ተረግጦ ሞተሩ ሲከብደው ብቻ ከታየ፣ ወደ ሮተሩ (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እየዞረ እሳቱን ለየካንዴላው ወደሚያዳርሰው ክፍል)፣ ወደ ዲስትሪቢውተሩ ክዳን፣ ወደ ካንዴላ ሽቦዎቹና ወደ ካንዴላዎቹ ክፍተት ይሂዱ። ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር እሳቱ ክፍተቱን ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ያ ቮልቴጅ ደግሞ በክዳኑ ስንጥቅ ወይም በሮተሩ አካል በኩል ወደ ማሳ ማምለጫ ይፈልጋል። አዲስ የተገዛ ሮተር ሁሉ ደህና ነው ብለው አይመኑ፤ ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ርካሽ ዕቃ የቆየው ኦሪጅናል የሚሻልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቤንዚኑን ለማጣራት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሞተሩ ሲቆራረጥ ቾኩን (የቤንዚኑን ድርሻ የሚጨምረውን መሳቢያ) ትንሽ ይሳቡት፤ ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል ማለት ነውና ፓምፑን፣ ማጣሪያውንና የሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) አየር ማስገቢያ ይመርምሩ።

ፑንቲናውን ሲያስተካክሉ ክፍተቱን ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ያድርጉት፤ ክፍተቱ ሲለወጥ የእሳቱ ጊዜም አብሮ ስለሚለወጥ፣ መኪናውን ወደ አውራ ጎዳና ከመመለስዎ በፊት በታይሚንግ መብራት እንደገና ያስተካክሉት።