ረግረግ ለምትሥሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ከዕረፍት ስትመለሱ የምታመጡልኝን ሥዕል አያለሁ። ባሕር ዳርቻ፣ የባሕር ውሃ ገብቶ በሚወጣበት የጨው ረግረግ ላይ ስትንሸራሸሩ በስልክ ያነሳችሁትን ቤት ገብታችሁ ሸራ ላይ ትገለብጡታላችሁ። እጃችሁ ጥሩ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ሁሉም ሥዕል ላይ ወይ ሰማዩ ነጭ ነው፣ ወይ ጭቃው ጥቁር ነው። ስልኩ ለሰማዩ ሲያመቻች ጭቃውን ያጠቁረዋል፣ ለጭቃው ሲያመቻች ደግሞ ሰማዩን ያጠፋዋል። ስለዚህ ልለምናችሁ፦ እዚያው ሆናችሁ ንደፉ። ትንሽ ይሁን፣ ያስጠላም ይሁን፣ ብቻ እዚያው።

ነገ እመለሳለሁ ብላችሁ እንዳትተዉት። አብዛኛው ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ስድስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ዛሬ ጠዋት በ1 ሰዓት የሞላው ነገ ለ2 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው፣ ከነገ ወዲያ 2 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው የሚሞላው። ፀሐይዋ ግን ሰዓቷን ጠብቃ ትወጣለች። ያ ብርሃን ከዚያ ውሃ ጋር እንደገና እስኪገጣጠም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የስንቶቻችሁ ዕረፍት ነው ሁለት ሳምንት የሚሞላው?

ጀማሪ ከሚሳሳተው ሁሉ የሚበዛው ኩሬው ላይ ነው። ኩሬ ክብ እንደሆነ ስለምናውቅ ክብ አድርገን እንሥለዋለን። እርሳሳችሁን በአግድም ይዛችሁ ክንዳችሁን ዘርጉ፤ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ራቅ ያለ ኩሬ ለኩበት። ወርዱ ሙሉውን እርሳስ ሲይዝ፣ ቁመቱ የእርሳሱን ውፍረት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ኩሬ ያላችሁት ነገር ቀጭን የብርሃን ሰንጥቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ልክ ይህን አድርጋችሁ ስትሥሉት መሬቱ ወዲያው ይተኛል። ክብ ካደረጋችሁት ግን ረግረጉ እንደ ግድግዳ ይቆምባችኋል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ቀለም አያስተኛውም።

መቀመጥና መቆም ራሱ ሥዕሉን ይለውጠዋል። አድማሱ ሁልጊዜ በዓይናችሁ ከፍታ ልክ ነው። መሬት ላይ ስትቀመጡ እየተጥመዘመዙ የሚሄዱት ቦዮች ሣሩ ውስጥ ይሰወሩና ረግረጉ የተደራረበ ጥለት ይመስላል። ስትቆሙ ጥቂቶቹ ይገለጣሉ፤ ከፍ ያለ ግድብ ላይ ስትወጡ ሁሉም እንደ እባብ ተዘርግተው ይታያሉ። እኔ የተቀመጠውን ነው የምወደው፤ ትንሽ ስለሚደብቅ። ብዙ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም።

ስለ ጭቃ ደግሞ ልንገራችሁ። ጭቃ ሲባል ቡናማ ታነሳላችሁ። እርጥብ ጭቃ ግን ሰማይን ይመልሳል፤ ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ ካለው ሣር ይበራል። በውሃ ቀለም ከሆነ አልትራማሪን ሰማያዊንና በርንት ሲየና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማ አደባልቁ፤ አንዱን ወይም ሌላውን በማብዛት ብቻ ከቀዝቃዛ ግራጫ እስከ ሞቃት ግራጫ ታገኛላችሁ። ጥቁር ቀለሙን ቤት ተዉት። ውሃው ሲያብረቀርቅ ወረቀቱን ባዶ ተዉለት፤ በኋላ በነጭ ቀለም የምታመጡት ብርሃን ኖራ ነው የሚመስለው። ሳሊኮርኒያ የሚባለው ውሃ ያዘለ አጭር ተክል ካለ፣ ሞቃቱ ወቅት ሊያልቅ ሲል ደም መስሎ ይቀላል። ስታዩት አትፍሩት፣ ቀይ አድርጋችሁ ሣሉት።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ማርቲን ጆንሰን ሂድ (Heade) በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከ100 በላይ የጨው ረግረግ ሥዕል ሠርቷል። ያው ሜዳ፣ ያው የድርቆሽ ክምር ነው፤ የሚለዋወጠው ብርሃኑ፣ አየሩና ውሃው ነው። ብዙዎቹ ሸራዎቹ ወርዳቸው የቁመታቸውን እጥፍ ያህላል። እናንተም ደብተሩን አግድሙት፣ ሁለቱን ገጽ አንድ አድርጉት። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ለንደን ውስጥ ሃምፕስቴድ በሚባል ሰፈር ደመና ብቻውን እያጠና ይሥል ነበር፤ ከብዙዎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ጽፏል። ከእሱ የወረስኩት አንድ ልማድ ቢኖር ይኸው ጽሑፍ ነው።

አንድ ውርደቴንም ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ቦይ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ፊት ለፊቴ ባለው ብርሃን ተመሰጥኩ። ባሕሩ ሲሞላ ሜዳውን ከፊት እየገፋ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ አስቀድሞ በቦዮቹ ገብቶ ከኋላ ይዞራል። ቀና ስል ደረቅ ረግጬ የተሻገርኩት ቦይ ሞልቷል። ደብተሩን በጥርሴ ነክሼ፣ እስከ ጭኔ እየሰመጥኩ ወጣሁ፤ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ዕድለኛ ነበርኩ፤ እንደኔ ያልወጡ አሉ። የሙላቱን ሰዓት ሳታዩ አትውጡ፤ ስትነድፉም በየጊዜው ወደ ኋላ ዞር በሉ።

ዕቃ አታብዙ። ለስላሳ እርሳስ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ ገጹን ከነፋስ የሚይዙ ሁለት መቆንጠጫዎች ይበቃሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩ እርጥብ ሲሆን የውሃ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ እርሳስ ይቅደም። ውድ ወረቀት አትያዙ፤ ውድ ወረቀት እጅ ያስራል።

ያን ቀን በጥርሴ ይዤው የወጣሁት ደብተር አሁንም አለ። ንድፉ አምስት መስመር ቢሆን ነው፤ ጥጉ ላይ የጥርሴ ምልክት፣ መሐሉ ላይ የአውራ ጣቴ ጭቃ። ከሥሩ “11 ሰዓት ከሩብ፣ ነፋስ ከግራ፣ ጭቃው ከሣሩ ይበራል” ብዬ ጽፌአለሁ። ከዓመታት በኋላ ትልቁን ሸራ ስጀምር ከፊቴ ያስቀመጥኩት እሱን ነበር።