ልጆቼን ቤት አስተምራለሁ፤ ወረቀታቸውን ማን ያርምልኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤተሰባችን የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ ሲሆን እሑድ እሑድ ዋሽንግተን ሄደን እናስቀድሳለን። ሁለቱን ልጆቼን ቤት ማስተማር ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያ ደረጃውን በራሴ አቅም ተወጥቼዋለሁ፤ አሁን ግን ወንዱ 7ኛ፣ ሴቷ 9ኛ ክፍል ሲገቡ አልጀብራውም የእንግሊዝኛ ድርሰቱም ከእጄ እየወጣ ነው። በሳምንት አራት ማታ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ለቤት ተማሪዎች ትምህርት የሚያዘጋጁት የካቶሊክ ተቋማት ሁሉም «የመምህር ድጋፍ እንሰጣለን» ይላሉ፤ ዋጋቸው ግን የተራራቀ ነው፣ ምን እንደምከፍልበትም በግልጽ አልገባኝም። ወላጆቼ ደግሞ «መምህር ከቀጠርሽላቸውማ ለምን ትምህርት ቤት አትልኪያቸውም?» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የቀረውን ሁሉ የሚወስነው የወላጆችዎ ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች መሆናቸውን ሲያስተምር፣ ወላጅ ኬሚስትሪውንም ሰዋስውንም ብቻውን ያስተምር ማለቱ አልነበረም። ያው መግለጫ ቤተሰብ ይህን ግዴታ ለመወጣት የመላው ኅብረተሰብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው አብሮ ይናገራል። የኦሬገን ግዛት በ1922 ልጅ ሁሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲገባ የሚያስገድድ ሕግ ባወጣ ጊዜም ተከራክረው በ1925 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስሻሩት ትምህርት ቤት የነበራቸው ካቶሊካውያን እኅቶች ናቸው። ስለዚህ መምህር መፈለግዎ ከእናትነት ድርሻዎ መሸሽ አይደለም። ልጅዎ ምን፣ መቼ፣ ከማን እንደሚማር የሚወስኑት እርስዎ እስከሆኑ ድረስ መምህሩ የእርስዎ ረዳት ነው፤ ይህንንም ለወላጆችዎ ያለ አንዳች መሸማቀቅ ሊነግሯቸው ይችላሉ።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። ተቋማቱ «የመምህር ድጋፍ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገር በጣም የተለያየ ነው። አንዳንዱ ተማሪው ሲቸገር ደውሎ ወይም ኢሜይል ጽፎ የሚጠይቀው ሰው ማለት ብቻ ነው። ሌላው ተማሪው የሠራውን ወረቀት ልኮ መምህር አርሞ፣ ነጥብ ሰጥቶ የሚመልስበት ነው። ከሁሉ ውድ የሚሆነው ደግሞ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በኢንተርኔት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በቀጥታ የሚሰጥ ክፍል ነው። እናቶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት «ትምህርት ቤት የሚመስለው ይሻላል» ብለው ሁሉንም ትምህርት በቀጥታ ክፍል ሲገዙ ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ እናቱም ምን እየተማረ እንደሆነ ማወቅ ትተዋለች።

ለ7ኛ ክፍል ልጅዎ የምመክረው መካከለኛውን፣ ማለትም እርማቱን፣ ያውም በሁለት ትምህርቶች ብቻ፣ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ድርሰት ነው። ታሪኩን፣ ትምህርተ ክርስቶሱን፣ የሳይንስ ንባቡንና ሥነ ጥበቡን ቤት ያቆዩት። ምክንያቱን በአንድ ጥያቄ ላሳይዎት። ልጁ ከቅንፍ ፊት ያለውን −3 ቅንፉ ውስጥ ባለው −4 ሲያባዛ +12 ማለት ሲገባው −12 ይጽፋል። የመልስ መጽሐፉን ይዘው የሚያርሙት እርስዎ የመጨረሻው መልስ አለመግጠሙን አይተው የኤክስ ምልክት ያደርጉበታል፤ ልጁም እንደገና ይሠራል፣ እንደገናም ይሳሳታል። የሒሳብ መምህር ግን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ከሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል፤ ስሕተቱ የመደመርና የመቀነስ ሳይሆን አሉታዊ ቁጥርን ከአሉታዊ ቁጥር ጋር የማባዛት መሆኑን ለይቶ፣ ያንን ብቻ የሚያለማምዱ አምስት ጥያቄዎች ይሰጠዋል። በ7ኛ ክፍል ያልተያዘች ይህች ስሕተት በ10ኛ ክፍል ላይ «ሒሳብ አይገባኝም» የሚል ልጅ ሆና ትመጣለች።

በድርሰትም እንዲሁ ነው። ከዓመታት በፊት ለራሴ ልጅ የከፈልኩበት፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተቋም የልጄን ድርሰት ከስድስት ሳምንት በኋላ 92 ነጥብና «ጥሩ ሥራ» ከሚል ቃል ጋር መለሰልኝ። ልጄ ድርሰቱን ምን ብሎ እንደጻፈው እንኳ ረስቶት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ያገኘናት መምህርት ግን ስለ አንድ ቅዱስ የጻፈውን ወረቀት በዘጠነኛው ቀን ስትመልስ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን አክብባ «እነዚህ ሦስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ቅዱሱ ሀብቱን ለምን እንደተወ ግን የትም አልነገርከኝም» ብላ ጽፋበት ነበር። ልጄ ወረቀቱን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ከአንድ ሰዓት በላይም አልወጣም። ገንዘብዎ የሚከፈለው ለዚህች የሁለት መስመር ማስታወሻ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ተቋሙን ወረቀት በስንት ቀን እንደሚመልስ ይጠይቁ፤ የተማሪው ስም የተሰረዘበት የታረመ ድርሰት እንዲያሳይዎትም ይለምኑ። ለማሳየት የሚያቅማማ ከሆነ ይለፉት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሰዓት ነው። በዚህ ሥራ ከቆዩት መካከል ሴቶን የተባለው የካቶሊክ የቤት ትምህርት ተቋም በ1980 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሆኖ መቀመጫው በቨርጂኒያ፣ ፍሮንት ሮያል ስለሆነ ሰዓቱ ከእርስዎ ሰዓት ጋር አንድ ነው። ካሊፎርኒያ ያለ ተቋም ከመረጡ ግን እዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሲልቨር ስፕሪንግ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። መምህሩ ስልክ የሚያነሳው ከሰዓት በኋላ ብቻ ከሆነ፣ እርስዎ ደግሞ ለማታ ሥራ በአሥር ሰዓት ከቤት የሚወጡ ከሆነ ድጋፉ የስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። የሥራ ፕሮግራምዎን ከፊትዎ አስቀምጠው ይጠይቁ።

የሴት ልጅዎ ነገር ይለያል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚመዘገበው ሁሉ ኮሌጅ በሚያየው ትራንስክሪፕት (የውጤት መዝገብ) ላይ ይሰፍራል። ለእሷ በጣም የሚከብዳትን አንድ ትምህርት በቀጥታ ክፍል፣ ድርሰትና ሒሳብን ደግሞ በእርማት ብታደርጉላት ይበቃል። ካውንቲው የቤት ተማሪን ዲፕሎማ እንደማይሰጥና ነገ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ብትመለስ በየትኛው ክፍል እንደምትገባ የሚወስነው እሱ መሆኑን ግን ይወቁ። ተቋሙ ዕውቅና ያለው መሆኑና የታረሙ ፈተናዎቿ መቀመጣቸው የሚጠቅማት ያን ጊዜ ነው።

የታረሙት ወረቀቶች ለሜሪላንድም ያገለግላሉ። ቤት ማስተማር ከመጀመርዎ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ለካውንቲው ካሳወቁ በኋላ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ በመደበኛነት እንደሚማሩ የሚያሳይ ፖርትፎሊዮ (የተማሪው ሥራዎች ስብስብ) ማቅረብ ግዴታ ነው፤ ገምጋሚው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያየው ይችላል። የመምህር ማስታወሻ ያለበት ወረቀት ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ለራሱ ይናገራል። ግምገማውን ካውንቲው ሳይሆን ፈቃድ ያለው የሃይማኖት ትምህርት ቤት እንዲያካሂደው የሚፈቅድ መንገድም አለ፤ ሆኖም የተመዘገቡበት ተቋም ለሜሪላንድ ይህን ያሟላል ብለው በግምት አይሂዱ፣ ካውንቲውን ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆችዎ አማርኛ የሚማሩት ከእርስዎ ከሆነ እሱም ትምህርት ነው። በአሜሪካ ልማድ አንድ ክሬዲት፣ ማለትም በሁለተኛ ደረጃ የአንድ ትምህርት የዓመት መለኪያ፣ ወደ 120 ሰዓት ሥራ ነው። በሳምንት አራት ሰዓት ንባብ፣ ጽሕፈትና ሰዋስው ካስያዙ በሠላሳ ሳምንት ይሞላል፤ ሰዓቱን በደብተር መዝግበው ይያዙት፣ ተቋሙም እንደ ውጭ ቋንቋ ይቀበለው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁት። እንግሊዝኛውን ሌላ ሰው ስላረመልዎት ቤት ውስጥ የሚያስተምሩት አነሰ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ በሚቀጥለው ዓመት 11ኛ ክፍል ይገባል። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እስካሁን ያለ መምህር እኔና እናቱ በካቶሊክ መጻሕፍት አስተምረነው ጥሩ ውጤት አለው። መሐንዲስ መሆን ይፈልጋል። የቀረንን ሁለት ዓመት በዚሁ ብንጨርስ ምን ያጎድለዋል?
አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጎደለው ልጅዎን የሚያውቅ፣ ዘመዱ ያልሆነ መምህር ነው። ብዙ ኮሌጆች የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አባት ለልጁ የሚጽፈው ደብዳቤ ደግሞ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን ያን ያህል አይመዝንም። ለደብዳቤው አንድ ዓመት ሙሉ ሥራውን ያየ ሰው ያስፈልጋል፤ በ12ኛ ክፍል መስከረም ላይ የሚጀመር ትውውቅ አይደርስም። ስለዚህ በዚህ በጋ ለ11ኛ ክፍል ቢያንስ ሁለት ትምህርት፣ ለመሐንዲስ ሒሳብና ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ፣ ከመምህር ጋር ይያዙለት።

ኬሚስትሪውን በተመለከተ ቤት ውስጥ በጥቅል ከሚመጡ የሙከራ ዕቃዎች ይልቅ የአካባቢያችሁን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ኖቫን፣ ብትመለከቱ ደስ ይለኛል። የቤት ተማሪዎችን ይቀበላል፤ ልጁም በእውነተኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ መነጽር አድርጎ፣ ከአጠገቡ ካለ ተማሪ ጋር ተካፍሎ ይሠራል፣ የኮሌጅ ክሬዲትም ያገኛል። የኤፒ ፈተና፣ ማለትም በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ የሚወሰደውን የኮሌጅ ደረጃ ፈተና፣ ማስፈተን ካሰባችሁ ደግሞ ፈተናው በግንቦት ቢሆንም የሚቀበላችሁን ትምህርት ቤት በመስከረም ፈልጉ፤ ትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀት የሚያዝዙት በኅዳር ወር ስለሆነ በጥር የሚደውል ወላጅ ቦታ ላያገኝ ይችላል።

ቨርጂኒያ እስከ ኦገስት 15 የማሳወቂያ ደብዳቤ፣ ዓመቱ ሲያልቅም እስከ ኦገስት 1 የልጁን እድገት የሚያሳይ ማስረጃ እንደምትጠይቅ ያውቃሉ። ምናልባት የማያውቁት በርቀት የሚያስተምር የቤት ትምህርት ተቋም የሰጠው ሪፖርት ካርድ ለማስረጃነት ሊያገለግል እንደሚችል ነው፤ መምህር መያዛችሁ በዚህም በኩል ሸክም ያቀልላችኋል።

ጥያቄ፦ የክርስትና ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፤ ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ ቤት ውስጥ ትማራለች። የሃይማኖት መጽሐፏ ግን በላቲን ሥርዓት የተጻፈ ነው። «የቤተ ክርስቲያን ዓመት በምን ይጀምራል?» ተብላ «በመስከረም 1» ብላ በመጻፏ ተሳስተሻል ተባለች። አለቀሰች። ምን እናድርግ?
የክርስትና እናት

መልስ፦ የልጅቷ መልስ ትክክል ነው፤ የመምህሩም እንዲሁ። በላቲን ሥርዓት ዓመቱ የሚጀምረው ከልደት በፊት ባለው የዝግጅት ወቅት ነው፤ በእኛ ደግሞ በርእሰ ዐውደ ዓመት። ለመምህሩ ዛሬውኑ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ ልጅቷ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ መሆኗን፣ በዓላቷና ጾሞቿ በሌላ ቀን እንደሚውሉ፣ ሁለቱንም እንድትማርና በፈተና ላይ ሁለቱንም እንድትጽፍ እንደምትፈልጉ ግለጹለት። አብዛኞቹ መምህራን ይህን የሚያጠፉት ካለማወቅ ነው፤ ሲነገራቸው በደስታ ይቀበላሉ። የራሳችንን ሥርዓት፣ ቅዳሴውንና ጾሙን ግን የአሜሪካ ተቋም መምህር ሊያስተምራት አይችልምና ለዚህ የቁምስናችሁን ካህን ወይም ዲያቆን በወር አንድ ሰዓት ለምኑላት።

መምህሩ ነጥብ የሚያስተካክልበት ሥራ ከጠየቀ ደግሞ አንድ ርእስ ልጠቁም። የምትኖሩበት ካውንቲ ውስጥ ያለችው ኤሚትስበርግ፣ ቅድስት ኤልሳቤጥ አን ሴቶን በ1810 ለድሆች ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የከፈተችባት ከተማ ናት። እሷ በመስከረም 1975 እ.ኤ.አ. ቅድስት ተብላ ስትታወጅ፣ በሚቀጥለው ወር ቅዱስ ተብሎ የታወጀው በሀገራችን የሐዋርያነት ሥራ የሠራው ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነው፤ ሁለቱም ሕይወታቸውን የመሩት በቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል መንፈስ ነበር። ከደ ያቆቢስ ጋር እስከ ሮም የተጓዘው የጎጃሙ ሊቅ ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ደግሞ በ1855 በእስር ላይ ሳለ አርፎ በ1926 ብፁዕ ተብሏል። ልጅቷ ኤሚትስበርግን አንድ ቅዳሜ ሄዳ ትይ፤ ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ የሚያነሳ ባለ ሁለት ገጽ ድርሰት ጽፋ ለዚያው መምህር ትላክለት።