ለገና ቃል ገባሁላት፣ አሁን እጄ ባዶ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ወልዲያ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው። የቀን ሥራ ነው የምሠራው፤ ሲገኝ ጭነት፣ ሲገኝ ግንባታ። ባለቤቴ ሳውዲ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት። አሠሪዋ ደሞዟን ስለያዘችባት ሦስት ወር ሙሉ ምንም አልላከችም። የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። በቀደም ገበያ ይዣት ወጥቼ፣ ሲራመዱበት መብራት የሚበራ ጫማ አየች። ግዛልኝ ብላ አለቀሰች። ተናድጄ «ከየት ላምጣ?» ብዬ ሰው መሀል ጮህኩባት። እሷም «እማዬ ብትኖር ትገዛልኝ ነበር» አለችኝ። ማታ አንጀቴ አልችል ሲል «ለገና ጫማውንም አዲስ ቀሚስም እገዛልሻለሁ» አልኳት። አሁን በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀረው። የቤት ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ 1,200 ብር ግድም ነው። አንድ ሰው 5,000 ብር በወለድ ላበድርህ ብሎኛል። ልበደር? ልጄ ለአንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ልጅ ደስ ይበላት ብዬ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አትበደር።

ብድሩ የሚከፈለው በጥር ነው። በጥር ደግሞ ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ኪራዩም አለ። ያኔ ወለዱ ንዴት ሆኖ ቤትህ ይገባል። ገበያ ላይ የጮህክባት ክፉ አባት ሆነህ አይደለም። ኪስህ ባዶ ነበር፣ ሰው ያይሃል፣ ልጅህ ታለቅሳለች። ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ይጮሃል። ዕዳ ሲጨመርበት ጩኸቱ ይብሳል። ጫማው ያረጃል፤ ጩኸቱ ግን ልጅቷ ላይ ይቀራል።

አሁን ልጅህ ወዳለችው ልመለስ። «እማዬ ብትኖር ትገዛልኝ ነበር።» ደብዳቤህን ሳነብ እዚህ ላይ ቆምኩ። አንተ «ትገዛልኝ ነበር» የሚለውን ሰምተሃል። ስለዚህ የጎደለው ጫማ መሰለህ። እኔ ግን የሰማሁት «እማዬ ብትኖር» የሚለውን ነው። ይህች ልጅ ስለ ጫማ ብቻ አላለቀሰችም።

በእኛ በወሎ እናቱ ወይም እህቱ ዓረብ አገር ያለች ልጅ ብዙ ነው። ከመብዛቱ የተነሳ እንደ ቀላል ነገር እናየዋለን። «ትልክለታለች፣ ምን ጎደለው?» እንላለን። ለልጁ ግን ቀላል አይደለም። ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እንዲህ ያለውን እጦት ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ሰውየው በሕይወት አለ፣ ግን አጠገብህ የለም። ልቅሶ አትቀመጥለት፣ እርም አታወጣለት። በእኛ አነጋገር እርሙ የማይወጣ ሐዘን ነው። ትልቅ ሰው እንኳ ይህን ሲሸከም ይደክመዋል። የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ስም ልትሰጠው አትችልም። ስለዚህ በጫማ ታለቅሰዋለች፣ በምግብ ታኮርፈዋለች፣ በእንቅልፍ ሰዓት ሆዴን አመመኝ ትልሃለች።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ወላጅ ሲርቃቸው ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ። «አስቸግሬያት ይሆን የሄደችው?» ይላሉ፤ ግን አፍ አውጥተው አይናገሩትም። ስለዚህ አንድ ቀን ማታ፣ ስታበጥራት ወይም እግሯን ስታጥባት፣ ሳትጠየቅ ንገራት። «እማዬ የሄደችው አንቺ ስላጠፋሽ አይደለም። ለኛ ልትሠራ ነው የሄደችው። እኔም ትናፍቀኛለች።» በተለይ የመጨረሻዋን አትዝለላት። አባት ናፈቀኝ ሲል የሰማች ልጅ፣ ናፍቆቷን በጫማ መደበቅ አያስፈልጋትም።

ቀጥሎ የገባህላት ቃል አለ። ይህን የበዓሉ ዋዜማ ድረስ አታቆየው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጠብቅ ቆይታ በገና ጧት ባዶ እጅህን ካየች፣ የሚጎዳት ጫማ ማጣቷ ብቻ አይሆንም። የአባቷን ቃል ማመን ይቸግራታል። ዛሬ ወይም ነገ ንገራት። ተቀመጥ፤ ቁመትህ ከቁመቷ እኩል ይሁን። እንዲህ ልትላት ትችላለህ፦ «ጫማና ቀሚስ እገዛልሻለሁ ብዬሽ ነበር። ገንዘቡ አልበቃኝም። ሳልቆጥር ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ገበያ ላይም ስለጮህኩብሽ ይቅርታ።» ከዚያ ዝም በል። ታለቅሳለች። ታልቅስ። እቀፋት እንጂ ዝም በይ አትበላት።

ያኔ ምላስህ ላይ የሚመጡ ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሁለቱንም ዋጣቸው። አንደኛው «የሚበላ ያጡ ስንት ልጆች አሉ መሰለሽ» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ግን የሷን ሐዘን ነውር ያደርገዋል። ሁለተኛው «እናትሽ ብር ስላልላከች ነው» የሚለው ነው። ይህን በፍጹም። ከሳውዲ ያላት ገመድ ፍቅር ነው፤ ሒሳብ አታድርገው። ደሞዝ መያዙንና ወለዱንም ለሷ አትዘርዝር። «ዘንድሮ ብር ያነሰን ዓመት ነው፣ ግን ምግብም ቤትም አለን፣ እኔም አለሁ» ካልካት ይበቃታል።

አሁን ወደ በዓሉ እንምጣ። እዚህ ላይ ልቤ ሙሉ ነው፣ ምክንያቱም ገና ገንዘብ የሚፈልግ በዓል ብቻ አይደለም። ሰው ብዙ ጊዜ የገዛውን ነገር ቶሎ ይለምደዋል፤ ከሰው ጋር የኖረውን ጊዜ ግን ደጋግሞ ያነሳዋል። በሥነ ልቦና ጥናት ይህ በተደጋጋሚ የታየ ነው። በልጆች ላይ ደግሞ አንድ ይጨመራል፤ ሥራ የተሰጠው ልጅ በዓሉ የራሱ ይሆናል።

እኔ ያደግሁት ሐይቅ አካባቢ ነው። በልጅነቴ ለገና ምን እንደለበስኩ አንድም አላስታውስም። የድፎ ዳቦውን የኮባ ቅጠል ማጠብ ግን የኔ ሥራ ነበር። ቅጠሉ እንዳይቀደድ እየፈራሁ፣ ውኃው እጄን እያቀዘቀዘኝ። አያቴ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋ አይታ «ጎሽ» ካለች በቃኝ። ዳቦው ሲቆረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ቅጠሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ» እል ነበር።

ስለዚህ ከ1,200 ብሩ የመጀመሪያውን ለዱቄት አድርገው። ድፎ መጋገር አልችልም ትል ይሆናል። ጎረቤት አለህ። ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን፣ የወሎ ጎረቤት «ለልጄ ዳቦ ልጋግርላት፣ አሳይኝ» ሲባል እምቢ አይልም። ሊጡ ዋዜማውን ይቦካ፣ ቅጠሉን ልጅቷ ትጠብ። በበዓሉ ቀን አንተ መርቀህ ቁረስ። ከዚያ በሰሃን አድርጋ ለጎረቤት ታድርስ። ሥጋ ለሁሉም አይሆንም፤ ዳቦ፣ ፈንዲሻና ቡና ግን የሁሉም ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ሰጥታ ስትመለስ ፊቷን እየው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚላክላት ልጅ ሆና ኖራለች። ያን ቀን ሰጪ ትሆናለች።

ዶሮ አይሆንም። ሽንኩርቱ በደንብ የተቁላላ ወጥ፣ ጥቂት እንቁላል ይበቃል። እንቁላሉን እሷ ትላጥ፣ እሷ ወጡ ውስጥ ትክተተው።

ወልዲያ መሆንህ ደግሞ ሌላ ጸጋ ነው። ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምዕመን በእናንተ በኩል ያልፋል። ቀን ቆጥሮ በእግሩ የሚመጣም አለ። ልጅህን ይዘሃት መንገድ ዳር ውጣ። ጥቂት ቆሎ ይዛ፣ አንተ ውኃ ይዘህ። ወዴት እንደሚሄዱ ንገራት። ላሊበላ ላይ የገና ዕለት ቀሳውስቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው አለት ላይና ሥር ሆነው ቤዛ ኩሉ ይዘምራሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የሰዎች ምሳሌ ናቸው። በቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ ጎረቤት ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። «እነዚያ ቆሎ የሰጠሻቸው ሰዎች አሁን እዚያ ናቸው» በላት።

ሌሊቱንም አታባክነው። ጠቅልለህ አጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ውሰዳት። አንድ ጧፍ በእጇ ይሁን። ለስምንት ዓመት ልጅ በሌሊት መንቃት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብርዱ፣ ነጠላው፣ የሰው ብዛት፣ ከቅዳሴ በኋላ ጾሙ ሲፈታ። መንገድ ላይም ታሪኩን ንገራት። ማርያምና ዮሴፍ ማደሪያ አጥተው ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልለው ግርግም ውስጥ እንዳስተኙት። የሰፈር ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ሲያልፉ ይህ ታሪክ ትዝ ይላታል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የገና ጨዋታ። ይህን ለወንዶች ብቻ አትተወው። ዋዜማው ሲደርስ ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፈልጋችሁ አብራችሁ ላጡት። እሩሩን ከአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በገመድ እሰሩት፤ ጨርቅ ሲሆን እግርም አይመታም። ሜዳ ላይ ውጡና ግጠማት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። በዚያች ሰዓት አባት የለም፣ ልጅ የለም፤ ታሸንፍህ፣ ትሳቅብህ። ገበያ ላይ የጮኸባትን ሰው ሜዳ ላይ እየሳቀ ሲሮጥ ታየው።

የገና ዛፍ ካነሳችብህ የሰው ግቢ ካለ ጽድ ፈቃድ ጠይቀህ አንዲት ቅርንጫፍ ቁረጥላት፤ ጥጥ ታድርግበት። ከዚህ በላይ አያስጨንቅህ።

የቀረችን እናቷ ናት። አንተ ስለራስህ ሐፍረት ጻፍክልኝ። የሷን ሐፍረት አስበኸዋል? ሦስት ወር ሠርታ ደሞዟን ያላገኘች ሴት፣ ለልጇ በዓል መላክ ያልቻለች። ምናልባት በዚህ ምክንያት ስልክ መደወል ሁሉ ከብዷት ይሆናል። ብር አትጠይቃት፣ ሌላ ነገር ጠይቃት። ዋዜማው ማታ በኢሞ ትደውልና ሽንኩርቱን እንዴት እንደምታቁላሉ ትምራችሁ። ስልኩን ልጅቷ ትያዝ። «በርበሬውን አሁን ጨምሩ፣ ውኃ እንዳታበዙ» ትበላችሁ። አሠሪዋ ሌሊት ካላስደወለቻት፣ አስቀድማ ድምጿን ቀድታ ትላክ፤ ምርቃትም፣ የራሷን የልጅነት ገናም ትንገራት። በዚህ መንገድ እናት ወጡን አብራ ሠራች ማለት ነው። ልጅቷም «እማዬ ብትኖር» ከማለት «እማዬ እንዲህ ብላ አሳየችን» ወደ ማለት ትመጣለች። ስለ ደሞዙ ጉዳይ ሁለታችሁ ለብቻችሁ፣ ልጅቷ በሌለችበት ተነጋገሩ።

ከበዓሉ በኋላም ልጅቷን ተከታተላት። ምግብ መተው፣ ሌሊት እየባነነች መጮህ፣ ከልጆች ጋር መጫወት ማቆም፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ለሳምንታት ከቀጠለ ለመምህሯ ንገር፣ ጤና ጣቢያም ውሰዳት።

ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት አገር ስለሆነ የጫማውና የቀሚሱ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ያኔ አንጀትህ አልችል ቢል እንኳ ቀን አትቁረጥላት። አሮጌ ቆርቆሮ ፈልግና ክዳኑን ብሳው። ሥራ ባገኘህበት ቀን ማታ አምስትም ይሁን አሥር ብር እሷ ራሷ ትክተተው። ሲሞላ አብራችሁ ቁጠሩትና አብራችሁ ገበያ ውጡ።